የፓምፕ መርፌ

ዛሬ ገና ከብርድ ልብስ ሳልወጣ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ሜዳው ባዶ ነው። መረቡ ወርዷል፣ ቋሚና አግዳሚው ራቁታቸውን ቀርተዋል፣ መሀል ክቡ ላይ በጎች ተኝተዋል። ውድድሩ አለቀ። የኛ ኮሌጅ እኩል ነጥብ ይዞ በአንድ ግብ ክፍያ ተበልጦ ሁለተኛ ወጣ፤ በቃ። ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለዚህ ነበር፣ በተለይም ዘንድሮ ስለሚመረቁት አራቱ ልጆች።

ግን ኖራው አላስቀመጠኝም። መስመሩ በዝናብ ከታጠበ ሰነበተ፤ ሥር ያለው ሣር ግን ተቃጥሎ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፣ ከሩቅ ሲያዩት ሜዳው አሁንም የተሰመረ ይመስላል። እንዲህ የሚሆነው በተለይ ኖራው ውሃ ጠጥቶ በደንብ ሳይበርድ ሲፈስና ሲከመር ነው። ያልበረደ ኖራ ሣር ብቻ አይደለም የሚበላው፤ በዝናብ ቀን ተንሸራቶ ኳስ የሚነጥቅ ተከላካይ ጭኑ ይላጣል፣ ዓይን ውስጥ ከገባማ አያድርስ። ከዚያ የሚሻለው ቀድሞ በውሃ በርዶ፣ ደርቆ፣ በወንፊት የተነፋው ነው። እሱም ቢሆን ቆዳና ዓይን ያቃጥላልና ሳስቶ መበተን ይበቃል፣ በባዶ እጅም አይነካም።

መቼም ይህን ሥራ የሚያውቅ የሠራው ብቻ ነው። 100 በ64 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ዙሪያው፣ መሀል መስመሩ፣ ክቡ፣ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ሳጥኖች፣ ቅስቶቹና የማዕዘን ሩብ ክቦቹ ሲደመሩ ወደ 695 ሜትር መስመር ይወጣቸዋል። ኖራ በቆርቆሮ ይዞ ጎንበስ እንዳሉ 695 ሜትር መሄድ ወገብ ይቆርጣል። ስለዚህ ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ደግሞ ማዕዘኑን በዓይኑ ይገምታል። በዓይን የተገመተ ማዕዘን መጀመሪያ ምንም አይመስልም፤ ሌላኛው ጫፍ ሲደርስ ግን መስመሩ ወደ ቦዩ ይሄዳል፣ ሳጥኑም ይንጋደዳል። መላው ቀላል ነበር፤ ገመድ ላይ 3፣ 4 እና 5 ሜትር ለክቶ ቋጥሮ በሦስት ችካል መወጠር። ሦስቱና አራቱ የሚገናኙበት ቀጥ ያለ ማዕዘን ነው። ሲያልቅ ሁለቱን ሰያፍ መለካት፤ ሁለቱም 118 ሜትር ከ70 ሳንቲም ገደማ ካልመጡ አንዱ ችካል ስቷል ማለት ነው። ገመዱ ናይሎን ከሆነ ግን ሲጎትቱት ስለሚለጠጥ ይዋሻል። የክቡ ገመድ 9 ሜትር ከ15 ነው። ለሳጥኑ ቅስትም ያው ገመድ ይሆናል፤ ችካሉ የሚተከለው ግን ፍጹም ቅጣት ምት በሚመታበት 11 ሜትር ነጥብ ላይ እንጂ ሳጥኑ መስመር ላይ አይደለም። በየዓመቱ ይህን የሚስት አንድ ሰው አይጠፋም፣ ያን ቀን ሳጥኑ ጉርድ ጨረቃ ይሸከማል።

ጣጣው ኖራውና የኳሱ ፓምፕ አንድ ጆንያ ውስጥ ማደራቸው ነው። የፓምፑ መርፌ ጫፏ አጠገብ ያለችው ቀዳዳ ከስንዴ ፍሬ ታንሳለች፤ እርጥብ ኖራ ከገባባት ይደርቅባትና ትደፈናለች። ከዚያ አንዱ ጉልበተኛ በኃይል ይገፋና ያጎብጣታል፤ «ፓምፑ ተበላሽቷል» ይባልና ኳሱ ጎሚስታ ጋ ይወሰዳል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የተሠራው ለመኪና ጎማ ነው። ኳስ በደንቡ ከ0.6 እስከ 1.1 ባር ግፊት ነው የሚይዘው፤ ኮምፕሬሰሩ ይህን በአንድ ትንፋሽ ያልፈዋል። ስፌቱ ይላላል፣ ኳሱ እንቁላል ይሆናል፤ እንቁላል የሆነ ኳስ ደግሞ ቢያስተነፍሱትም ወደ ክብነቱ አይመለስም።

መርፌ ሲከቱ ማርጠብ ነው፣ ምራቅም ይበቃል። ደረቅ መርፌ የአፉን ጎማ ይቀደዋል ወይም ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ኋላ ካመላዳሪው ሳይበሳ ኳሱ በየሌሊቱ ይተነፍሳል። መለኪያ ከሌለ ከራስ ቁመት ሲሚንቶ ላይ ይለቀቃል፤ እምብርት አካባቢ ድረስ ከነጠረ ደህና ነው፣ ጉልበት ላይ ከቀረ ጎድሎታል። ይህንን በውርጭ ጠዋት መሞከር ግን ከንቱ ነው። ውጭ ያደረ ኳስ ቀዝቅዞ ልል ይሆናል፤ ያኔ የሞላው ሰው ከቀትር በኋላ ድንጋይ ያገኛል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለዚያ ቆላ ወርደን ነጥብ ስለጣልንበት ጨዋታ ነው። ሁሉም «ኳሱ ተንፍሶ ነበር» አለ። ጣርማ በርን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ኳሱ ጉልበቱን ያጣል የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የኛ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የወረድንባት ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። መለኪያው የሚያሳየው ኳሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በምን ያህል እንደሚበልጥ ነው፤ ወደ ታች ሲወረድ የውጭው አየር ስለሚከብድ ብልጫው ወደ 0.15 ባር ይቀንሳል። ነገር ግን ቆላው ሞቃት ነው። 10 ዲግሪ ላይ የተሞላ ኳስ 30 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ከጠፋው 0.1 ያህሉን ይመልሳል። የቀረው ጉድለት በአውራ ጣት ተጭኖ የሚታወቅ አይደለም። ኳሱ ንጹህ ነው፤ መርፌዋም እንደዚያው።

ጥፋተኛ ከተፈለገ አየሩ ይጠየቅ። የኛ አየር ከዚያኛው ወደ 12 በመቶ ይሳሳል፤ የበረረ ኳስ የሚይዘው ነገር ያንሰዋል። በረኛችን እዚህ ለምዶ ከመሀል ሜዳ የሚያሳልፈው ረጅም ምት እዚያ አጥሮ ይወድቃል፣ አጥቂው ሮጦ ባዶ ቦታ ይደርሳል። የሚታጠፍ ቅጣት ምትም እዚህ እንደ ልቡ አይታጠፍም፤ እዚያ ግን ግድግዳውን ዞሮ ይመጣል፣ በረኛችን ይህን የት ለምዶት? የነሱ በረኛ እኛ ጋ ሲወጣ ደግሞ ኳሱ ካሰበው ቀድሞ ይደርስበታል፤ ተከላካዮቻቸው ራሳቸው ላይ አልፎ ሲሄድ ቆመው ያዩታል። እና መድኃኒቱ ጨዋታው ዋዜማ ወርዶ ማደርና ጠዋት ሃያ ደቂቃ ረጅም ኳስ ብቻ መምታት ነው። በጨዋታው ቀን በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ልጅ አስመልሶ፣ በቀጥታ ማሊያ የሚለብስ ቡድን ግን መጀመሪያው አጋማሽ የሚያልቅበት ምቱን በማስተካከል ነው። የአበል ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ሁዳዴም ነበር፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ 9 ሰዓት ላይ ሙቀት ውስጥ ሲሮጥ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፣ ሰዓቱን ያወጣው ሰው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢሆን ማታ የበላው በሶ ገና ጉልበቱ ውስጥ ነበር።

ያም ሆኖ አንዷ ግብ የጎደለችው እዚያ ነው ብሎ መማል አይቻልም። በግብ ክፍያ የሚለይ ሰንጠረዥ ላይ ግቧ የትም ልትሆን ትችላለች። 3 ለ 0 እየመራን ኳስ ስናንሸራሽር የተበላች ሃያ ደቂቃ አለች፤ 4 ለ 1 ሲሆን አምበሉ እየሳቀ የተቀበላት ግብ አለች። «ምን ታመጣለች» ተብሎ የተናቀች ግብ ሰኔ ላይ መጥታ ዋንጫ ትወስዳለች። ለነገሩ ደንቡን መጀመሪያ ላይ ማንም አላነበበውም። እኩል ነጥብ ሲመጣ አንዳንዱ ውድድር የሚያየው የእርስ በርስ ግንኙነትን ነው፣ አንዳንዱ የግብ ክፍያን። እኛ የእርስ በርሱ መስሎን፣ ያሸነፍናቸውን ልጆች እንበልጣለን ብለን እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ ተዝናንተን ከረምን።

ስለ አራቱ ልጆች ልጽፍ ነበር አይደል። ይኸው ኖራ፣ ችካል፣ ባር እያልኩ መሸ። በ695 ሜትርና በ0.15 ባር ተደብቄ አንድ ቃል ስለነሱ አልወጣኝም።

አንዱ ግን መርፌዋን ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ በክር አስሮ የሚዞረው ነው። እሱ እያለ አንድም ቀን አልተደፈነችም። አሁን ጆንያው ውስጥ ፓምፑ አለ፣ ኖራው አለ፣ መርፌ የለችም። ክሊራንስ ሲያስፈርም ቤተ መጻሕፍት፣ ዶርም፣ ካፌ፣ ስፖርት ክፍል እያለ ሲዞር ዓይቼዋለሁ፤ አንገቱን ግን አላየሁም። ለመሆኑ ክሊራንሱ ላይ «የፓምፕ መርፌ» የሚል መስመር አለ?