ለእህቴ ሠርግ ማሪያቺ ፍለጋ

ታናሽ እህቴ ሜክሲኳዊ አገባች። ሠርጉ ሰኔ ላይ፣ እዚያው ሜክሲኮ ሲቲ ነበር። እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እማዬ ከአዲስ አበባ ሄድን። በረራው ረጅም ነበር፤ ደረስን።

እማዬ ከኤርፖርት እንደወጣች አየሩን ሳብ አድርጋ «ይሄማ የኛው ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከተማው 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፤ ሌላው እንግዳ ደረጃ ላይ ሲያለከልክ እሷ ምንም አልመሰላትም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልክ እንደኛ ክረምት ዶፉን ይለቀዋል።

ማሪያቺ፣ ማለትም የሜክሲኮ ባህላዊ የሙዚቃ ባንድ፣ መቅጠር የእኔ ድርሻ ሆነ። የሙሽራው አክስት «ያለ ማሪያቺ ምን ሠርግ አለ!» ስትለኝ ያለ እልልታ ማለቷ እንደሆነ ገባኝ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የነገረኝ አንድ ቦታ ነው፤ ጋሪባልዲ አደባባይ። ሙዚቀኞቹ ለብሰው፣ መሣሪያቸውን ታቅፈው፣ ቆመው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ክፍያው በዘፈን ነው፣ ወይ በሰዓት።

ሆቴል እዚያው አጠገብ ያዝን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ ትራምፔት ነው። አንዱ ባንድ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ላይ። እማዬ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ተኛች፤ እኔ አልተኛሁም።

በማግስቱ አደባባዩ ላይ ገና እግሬን ሳሳርፍ አንድ ሰውዬ ሮጦ መጣ። ሙዚቀኛ አይደለም፣ ደላላ ነው። ለአንድ ሰዓት 12,000 ፔሶ፣ ግማሹን ቀብድ አሁኑኑ አለኝ። ስንት ሰው ይመጣል ስለው መልስ የለውም። በጣም ተናደድኩ፤ እንግዳ መሆኔን አይቶ ነው። ጥግ ላይ የተቀቀለ በቆሎ በሎሚና በሚጥሚጣ የምትሸጥ ሴትዮ ግን ሁሉንም ታይ ነበር። ሥራዋን ትታ መጣችና ክንዴን ይዛ ወደ አደባባዩ ማዶ ወሰደችኝ። «ልጄ፣ መጀመሪያ አንድ ዘፈን ከፍለሽ ስሚያቸው። ከዚያ ቁጠሪያቸው። ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ጠይቂ» አለችኝ። በቆሎዋን ልግዛ ብላት እንኳ ገንዘብ አልቀበልም አለች።

ያገናኘችኝ ባንድ ስምንት ሰው ነው፦ ሦስት ቫዮሊን፣ ሁለት ትራምፔት፣ ጊታር፣ ቪዌላ የሚሏት ባለ አምስት ክር ትንሽ ጊታር፣ እና ጊታሮን። ጊታሮን እንደ ቅል ሆዱ የተነፋ ትልቅ ጊታር ነው። የሚጫወተው ሽማግሌ ጣቶቹን አሳየኝ። ሁለት ሁለት ክር አንድ ላይ እየጎተተ ስለሚመታ ጫፋቸው እንደ ተረከዝ ደድሯል። የሱሪው ጎን ከላይ እስከ ታች በብርማ ቁልፎች የተደረደረ ነው፤ አንዱ ወልቆ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሰውየው ከሃሊስኮ ነው፤ ማሪያቺ የተወለደው እኛ ዘንድ ነው ሲል ደረቱን ነፍቶ ነው።

ለአንድ ሰዓት 6,000 ፔሶ፣ መጓጓዣውን ጨምሮ፣ 1,000 ቀብድ። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያው ዘፈን ነው። ደረሰኝ በእጁ ጽፎ ሰጠኝ።

ልንሄድ ስንል እማዬ «አንቺ፣ የኛንስ ዜማ አይሞክሩልኝም?» አለች። እዚያው ቆማ አንድ የሠርግ ዜማ አንጎራጎረች። ወጣቱ ቫዮሊኒስት ዓይኑን ጨፍኖ ሰማት፤ ሁለቴ አስደገማትና በስልኩ ቀዳው። ለዚህ ተጨማሪ ልክፈል ወይ ብል ተቆጣኝ።

በመሃል ባለው ቀን እማዬን «ኢትዮጵያ» ወደሚባለው የሜትሮ ጣቢያ ወሰድኳት። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፣ ምልክቱም የአንበሳ ራስ ነው። ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ጃንሆይም በ1946 ዓ.ም. መጥተው ጎብኝተዋታል። እማዬ ግን ያሰበችው ሌላ ነው። «ስንት ዘመን ወያላው 'ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ' እያለ ሲጠራኝ ኖሬ! ዛሬ ደርሼ እዚህ 'ኢትዮጵያ' ልውረድ?» አለችና ዕንባዋ መጣ። ባቡሩ ሁለቴ መጥቶ እስኪሄድ ምልክቱ ሥር ቆመን ነበር።

የሠርጉ ዕለት ዝናቡ መንገዱን ዘጋውና ማሪያቺዎቹ 25 ደቂቃ ዘገዩ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ከዚያ ከውጭ ትራምፔቱ ተሰማ፤ እየተጫወቱ ነው የገቡት። አዳራሹ በሙሉ ከወንበሩ ተነሳ።

የእማዬን ዜማ ያመጡት መጨረሻ ላይ ነው። ቫዮሊኑ ብቻውን ጀመረ፣ ጊታሮኑ ከሥር ገባ። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ሄዳ 200 ፔሶ የቫዮሊኒስቱ ግንባር ላይ ለጠፈች። ልጁ ይህን ልማድ አያውቅም፤ ግን አላቆመም። ብሩ እንዳይወድቅበት አንገቱን ሳይነቀንቅ፣ ዓይኑን ወደ ላይ ሰቅሎ ዜማውን ጨረሰው። ሽማግሌው ይህን አየና ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ወደ እማዬ ዝቅ አደረገላት።