አራት ቁጥር የጠፋበት ሜኑ

እህቴ ቦሌ አካባቢ ምግብ ቤት ስትከፍት፣ የሜኑውን ዲዛይን «ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ» ብዬ በጉራ የተረከብኩት እኔ ነኝ። ሐሳቤ የፋሽን መጽሔት ሽፋን የሚመስል ነገር መሥራት ስለነበር፣ ለዋጋዎቹ ቦዶኒ የተባለውን ፎንት መረጥኩ። ጣሊያናዊው አታሚ ጃምባቲስታ ቦዶኒ በፓርማ ከተማ ይቀርጻቸው ከነበሩት ፊደላት የተወረሰው ይህ ፎንት፣ ቋሚ መስመሩ እንደ ምሰሶ ወፍራም፣ ማያያዣው ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ሚስቱ እሱ ከሞተ በኋላ በ1818 እ.ኤ.አ. ያሳተመችውን የፊደል ናሙና መጽሐፍ በኮምፒውተር ሳገላብጥ ያነጋሁባቸው ሌሊቶች ጥቂት አይደሉም። ሆኖም እሱ ያትም የነበረው በምርጥ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ሲሆን፣ እኔ ያዘዝኩት ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል፣ ያውም በ8 ነጥብ (ፖይንት) ደቃቅ መጠን ነው።

የማተሚያ ቤቱ ሰው ናሙናውን አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ፀጉር አይወጣም፤ ጥቁሩ ይበላዋል» አለኝ። እኔ ስክሪኔ ላይ 400 በመቶ አጉልቼ ያየሁት ውበት ስለታወሰኝ፣ 30 ኮፒ አትምልኝ ብዬ ወጣሁ።

በመክፈቻው ምሽት አንድ ሽማግሌ ልዩ ጥብስ በልተው ሲጨርሱ 110 ብር ከነጉርሻው አስቀመጡ። አስተናጋጇ «ጋሼ፣ ሒሳቡ እኮ 440 ነው» ስትላቸው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው ሜኑውን ወደ መብራቱ አስጠጉና በጣታቸው እየጠቆሙ «አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ» ብለው እንደ የኔታ ቆጠሩላት። በስልኬ ባትሪ አብርቼ ብመለከት እውነታቸውን ነው። በቦዶኒ አራት ቁጥር ላይ ወፍራሙ ቋሚው ብቻ ስለሆነ፣ ሰያፉንና አግዳሚውን ጥቁሩ ቀለም ከግራና ከቀኝ ሰፍቶ ውጧቸዋል፤ ዜሮውም ከላይና ከታች ተከፍቶ ቅንፍ መስሏል። የአማርኛው ፎንት ወፍራም ስለነበር «ልዩ ጥብስ» የሚለው ከሩቅ ይነበባል፤ ይህም ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም፤ ምክንያቱም ልዩ ጥብስ በ110 ብር መገኘቱን ያየ ሁሉ ሌላ ምግብ አላዘዘም።

እህቴ በዚያ ምሽት ለሁሉም በ110 አስተናገደች። እንግዶቹ ሲወጡ ምንም ሳትናገር 30ዎቹን ሜኑዎች ከአንድ ነጭ ማርከር ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ በየአንዱ ላይ ሰያፍና አግዳሚ እየጨመርኩ አራት ቁጥር ስሠራ አመሸሁና ኩራቴ ተመልሶ ተኛሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልክ ደወለች።

«የአቮካዶ ጭማቂን 440 ብር ያደረግኸው አንተ ነህ?»

ለካስ እሱ ከመጀመሪያውም 110 ነበር። ሁለት ደንበኞች ደግሞ ምንም ሳይጠይቁ ከፍለው ሄደዋል።