ድሪቶ

ትናንት ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ በረንዳ ላይ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ፣ ከዓመት በላይ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስገጣጥመው የቆየሁትን የአልጋ ልብስ ዘርግቼ ሳሳያቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጥቂት ካዩት በኋላ «እታለም፣ ይህ ድሪቶ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

አልተከፋሁም፤ እኛ ዘንድ የሚደርት ሰው ቸግሮት እንጂ ወዶ አይደለምና። የአልጋ ልብሴ አሠራር አሜሪካውያን «ሎግ ካቢን» ወይም የግንድ ጎጆ የሚሉት ነው፤ መሃል ላይ ብዙ ጊዜ የምድጃ ምሳሌ የሚባል ትንሽ ቀይ አራት ማዕዘን ይቀመጥና፣ ዙሪያውን ቀጫጭን ጨርቆች እንደ ግንድ እየተደራረቡ፣ በአንዱ ወገን ፈካ፣ በሌላው ጠቆር ብለው ይዞራሉ።

ጥፋቴ ላዩን፣ መሃል የገባውን አሮጌ ብርድ ልብስና ገበሩን አንድ ላይ በመኪና መስፋት የጀመርሁት ከዳር መሆኑ ነበር። ገበሩ መሃል ላይ ተጨማዷል። እርሳቸውም ገልብጠው ጭምድዱን በአውራ ጣታቸው ከዳበሱ በኋላ «ከመሃል ወደ ዳር ነው የሚሰፋ፤ ለጨርቁ መሸሻ ስጭው እንጂ» እያሉ ስፌቱን በምላጭ መፍታት ጀመሩ።

አንዱ የጨርቅ ጎጆ ላይ ሲደርሱ ግን ምላጩ ቆመ። ከአባቴ ኮት የቆረጥሁት ካኪ ነበር፤ ኪሱ ሸፍኖት የኖረው ቦታ ብቻ ሳይደበዝዝ ቀርቷል።

«ይህን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ድሪቶ የሚለውን ቃል አልደገሙትም፤ እኔ ግን ወደድሁት፤ ማን ምን ለብሶ እንደ ኖረ የሚያስታውስ ሌላ ልብስ ቤቴ ውስጥ የለምና። ጠርዙን በምን ልዝጋው ብላቸው፣ «ከዚያ ካኪ የተረፈ ካለ አምጭ» አሉኝ።