ከአንድ ገጽ የተረፈው

በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ሰው ሲሞት ከእድራችን ሊቀመንበር ቀጥሎ ስልክ የሚደወለው ለእኔ ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም አስከሬን ሸኚ ሆኜ ሳይሆን፣ በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምጽፈው እኔ ስለሆንሁ ነው። ሥራው የተሰጠኝ በ2006 ዓ.ም. ሲሆን ምክንያቱም የእጅ ጽሕፈቴ ማማሩና አማርኛዬ «አልተበላሸም» መባሉ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ በዋሽንግተን ከተማ፣ በኬ ስትሪት አጠገብ ባለ የመኪና ማቆሚያ ምድር ቤት ውስጥ እሠራ ስለነበር፣ ከመኪና ቁልፍና ከትኬት ቁራጭ በቀር እጄ የሚገባ ወረቀት አልነበረም።

የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ የታወቀ መልክ አለው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በእንዲህ ያለ ክፍለ ሀገር፣ በእንዲህ ያለ አውራጃ ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል፤ «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» በሚለው ይሻገራል፤ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» የሚለው ላይ ያርፋል። ካህናቱ ሌላ ቦታ ስለሚጠበቁና የመቃብሩ ሥፍራ ሠራተኞችም በሰዓት ስለሚሠሩ፣ ሊቀመንበራችን ጽሑፉ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አጥብቀው ያስጠነቅቁኛል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ የልደት ቀን ነበር። ሱዳን ውስጥ በስደተኛነት ስንመዘገብ ቀኑን የማያውቀውም፣ እያወቀ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር መገልበጥ የቸገረውም «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ይጻፍለት ስለነበር፣ ልጆቹ የሚያሳዩኝ መታወቂያ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። እኔም የተወለድሁት ኅዳር 1946 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ በወረቀት ልደቴ ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ነው። ጡረታ ልወጣ ስል፣ በዚያ ቀን የተወለደ ሰው በሶሻል ሴኩሪቲ (በአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዋስትና) ደንብ በቀደመው ዓመት እንደተወለደ እንደሚቆጠር፣ ለእኔም ሙሉ ጡረታ የማገኝበት ዕድሜ በሁለት ወር እንደሚቀድም ተነገረኝና በልቤ ሳቅሁ፤ ሱዳን ከወሰደችብኝ ሁለት ዓመት አሜሪካ ሁለት ወር መለሰችልኝ ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. በዚያው ምድር ቤት 19 ዓመት አብሮኝ የሠራ ወዳጄ ዐረፈ። እንደ ልማዴ ገጹን ሞላሁ፤ በቀብሩም ላይ አነበብሁ። ከቀብር መልስ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተቀምጠን ሳለ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያነበብከው መልካም ነው፤ ግን ስሙን ከውስጡ ብታወጣው የማን እንደሆነ ይታወቃል?» አሉኝ። እኔ የ65 ዓመት ሰው፣ እንደ ተማሪ አንገቴን ደፋሁ።

ቡናው ሲቀርብ አንዱ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ» ብሎ ስለ ሟቹ ግትርነት ጀመረ። (ዛሬ በለቅሶ ቤት ይህን ሐረግ ስሰማ ጆሮዬን አቀናለሁ፤ ደህናው ታሪክ የሚመጣው ከእርሱ በኋላ ነው።) ሌላው ቀጠለ፤ ወዳጄ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገበሬዎችን ፊደል ያስቆጠረ ኖሯል። ተሰዶ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባ በኋላም መጻፍ ለማይችሉ ስደተኞች በአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ መልስ ሲመጣም የሚያነብላቸው እርሱ ነው። አንድ ቀን ለአንድ ልጅ እግር ስደተኛ የመጣው ደብዳቤ የእናቱን ሞት የሚናገር ሆነ። ወዳጄ ወረቀቱን እንደያዘ፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ «እናትህ ደህና ናቸው፣ ስንቅ አድራሽ አጥተው ነው እንጂ በሶ አዘጋጅተውልህ ነበር ይላል» ብሎ አነበበለት። ከዚያም ሽማግሌዎች አሰባስቦ በማግስቱ ንጋት ላይ እንደ አገሩ ወግ መርዶውን አስነገረ። ያን ጊዜ ዕድሜው ከ22 ዓመት አይበልጥም። በ19 ዓመት ውስጥ ምሳችንን ከአንድ ሣህን ስንበላ ይህን አንድ ቀን አልነገረኝም፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጠየቅሁትም።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ከገጹ የተረፈውን ጻፍሁ። አሥራ አንድ ገጽ ሆነ። ለማንም ሳላሳይ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት።

በየካቲት 2014 ዓ.ም. ከሥራ ስሰናበት ጊዜ ሞልቶኛልና እጽፋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ነገር ግን በስተርጅና ብዕር የሚያነሣ ሰው የሚሠራውን ስሕተት ሠራሁ፤ አብዮቱን፣ ቀይ ሽብርን፣ በመተማ በኩል የወጣንበትን ጉዞ ከላይ ጀምሬ ልተርክ ቃጣሁ። ሦስት ሳምንት ታግዬ የጻፍሁትን ሳነበው፣ ከየመጽሐፉና ከየሬዲዮው የለቃቀምሁት የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ቃሉም ከድቶኝ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በ«ሺፍት»ና በ«አፖይንትመንት» የኖረ አንደበት፣ የልጅነቱን ቤት ዕቃ በስሙ ለመጥራት ይንተባተባል። በዋሽንግተን ከተማ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ምክንያት ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ የሚመጡ ወረቀቶችን አዘውትሬ አነብ ነበር፤ በዚያ አማርኛ ግን ስለ ክትባትና ስለ ኪራይ እንጂ ስለ እናት ቤት አይጻፍም።

ከዚህ ያወጣኝ ደግሞ ሌላ ለቅሶ ነው። በለቅሶው ቤት ጋራዥ ውስጥ ሴቶች በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ሲጋግሩ፣ ከአገር ቤት በቅርቡ የመጡ አንዲት እናት፣ «አክንባሎውን አንሺው እንጂ፣ ላብ ጠባበት!» አሉ። ቃሉን ቢያንስ 30 ዓመት አልሰማሁትም ነበር። የኤሌክትሪኩ ምጣድ መክደኛ ብረት ሲሆን የእናቴ አክንባሎ ግን በጭቃና በእበት የተለሰነ፣ መያዣው ተሰብሮ በጨርቅ የተጠመጠመ ነበር። ወረቀት ስላልያዝሁ ስልኬ ላይ «አክንባሎ» ብዬ መዘገብሁና ቤቴ ስገባ ከዚያው ቃል ጀመርሁ። ከአክንባሎው ወደ ምጣዱ፣ ከምጣዱ ወደ ጤፉ፣ ከጤፉ ወደ አመላላሹ ሄድሁ፤ በየዓመቱ ጤፉን በአህያ ጭነው ያመጡልን የነበሩት የአባቴ ጭሰኛ በ1967 ዓ.ም. እንደቀሩ ትዝ አለኝ። በየካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እኔ የእድገት በኅብረት ዘማች ሆኜ በጨርጨር ገበሬ ሰብስቤ «መሬት ላራሹ»ን አስረዳ ነበር፤ እናቴ ደግሞ በዚያው ዓመት የመጀመሪያዋን ጤፍ ከገበያ ገዝታለች። ያኔ በደብዳቤዋ ላይ «ጤፉ እንደ ድሮው አይደለም፣ አሸዋ አለበት» ብላ አጽፋልኝ ነበር። እኔ ግን የአድኃሪ ቤተሰብ ቅሬታ መስሎኝ መልስ አልሰጠኋትም። ከላይ ልጀምረው ስታገል እምቢ ያለኝ አብዮት በወጥ ቤት በር ገባ።

ከዚያ ወዲህ ርዕስ አጥቼ አላውቅም። ለቅሶ ቤት ስሄድ ትንሽ ደብተር ይዤ እሄዳለሁ፤ በተቀመጥሁበት ግን አልጽፍም፤ ነውር ነው። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ቃል ወይም አንድ የተነገረ ነገር ብቻ እጽፋለሁ፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ፣ የመኪና ማቆሚያውን ለመክፈት እነሣበት በነበረው በዚያው የቆየ ሰዓት ስነቃ፣ ቃሉን ይዤ እቀመጣለሁ። የሟች ነገር ከሆነ ቤተሰቡን ሳላስፈቅድ ለሰው አላነብም። አንድ ቤተሰብ «አባታችን ይህን አይወድም ነበር» ስላሉኝ ሰባቱን ገጽ በእጃቸው ሰጥቻቸው መጥቻለሁ። የቆጨኝ መሆኑን አልደብቅም፤ ከጻፍኋቸው ሁሉ የተሻለው እርሱ ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ የራሴን የሕይወት ታሪክ በተለመደው መልክ ጻፍሁት። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። «ከአባታቸው… ከእናታቸው…» ብሎ ይጀምራል፤ አክንባሎው የለበትም፤ ያልመለስሁት ደብዳቤም የለበትም። ባለቤቴ አንብባው፣ «አሁን ይህ አንተ ነህ?» ብላ ወደ ወጧ ተመለሰች።

ባለፈው ወር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አባቷ ያረፈባት አንዲት ወጣት ናት። የልደቱን ቀን ጃንዋሪ 1 ብላ ስትጀምርልኝ አቋረጥኋትና፣ «የኔ ልጅ፣ እርሱ ይቆየን። አባትሽ ሲናደዱ ምን ይሉ ነበር?» አልኋት። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ «እናቴን ልጠይቃትና ልደውልልዎ» አለችኝ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ እናትየዋ ራሳቸው ደወሉ። «ልጅቷ ያለችኝ እውነት ነው? ይህንንስ ይጽፉታል?» ብለው ጠየቁኝና፣ መልሴን ሳይጠብቁ፣ ባላቸው በ1978 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ከአንድ የአህያ ጋሪ ነጂ ጋር እንዴት እንደተጣሉ መተረክ ጀመሩ።