ከንቲባችን ተሰናበቱ

ዛሬ የከተማችንን ከንቲባ ሸኘን። "ከተማ" ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከጀርመኗ ሽቱትጋርት ወጣ ብላ ያለች፣ አንድ ዳቦ ቤትና አንድ ፋርማሲ ያላት ናት።

ሰውዬው 24 ዓመት መርተዋል። በእኛ ግዛት በባደን ቩርተምበርግ የከንቲባ ዘመን 8 ዓመት ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመረጡ ማለት ነው። ያውም የየትኛውም ፓርቲ አባል ሳይሆኑ! እንደመጣሁ ሰሞን ይሄ አልገባኝም ነበር። ለካ እዚህ ሕዝቡ ከንቲባውን የሚመርጠው በቀጥታ ነው፤ ፓርቲ ባይኖርህም ሰው ካወቀህ በቃ። በ2015 ከሶሪያ ተሰዶ የመጣው ራያን አልሸብልም በ2023 ኦስተልስሃይም በምትባል የዚሁ ግዛት ትንሽ ከተማ በግሉ ተወዳድሮ ነው ከንቲባ ሆኖ ያሸነፈው።

ንግግሩ ረዝሞ ሰው ማዛጋት ጀምሮ ነበር (እኔንም ጨምሮ)። በመጨረሻ ያንን የከንቲባነት ሰንሰለት ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ሲያኖሩት ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። የብረቱ ድምፅ ኋላ ድረስ ተሰማ።

ሰው ሲበተን ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ሲያጥፉ አገኘኋቸው። "ይተዉት፣ እኔ እሰበስባለሁ" ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና፣

"ያ የሰፈራችሁ የመንገድ መብራት ተሠራ?" አሉኝ።

አልተሠራም። ግን ዛሬ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? "ተሠርቷል" አልኳቸው።