ማይክሮስኮፑን አልነጥቅም

ባለፈው ጥቅምት፣ ወባ በሚበረታበት ሰሞን ነው። ለአታችመንት (ለተግባር ልምምድ) ከመጡልኝ የላብራቶሪ ተማሪዎች አንዷ የበሽተኛ ደም የተቀባበትን ስላይድ አየችና «ኔጌቲቭ ነው» አለችኝ፤ ወባ የለበትም ማለቷ ነው። ከተቀመጠች ሁለት ደቂቃ አልሞላትም።

ድሮ ቢሆን «እስቲ ተነሺ» ብዬ ወንበሯ ላይ እቀመጥ ነበር። ወባውን ፈልጌ አገኝና «ይኸውልሽ!» እላታለሁ። እሷም አንዴ አይታ ሎግ ቡኳ ላይ ትጽፋለች። እኔም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ለዓመታትም እንደዚሁ አስተማርኩ። ግን ፍለጋውን የሠራው የእኔ ዓይን ነው፤ የእሷ ዓይን ምንም አልተማረም።

አሁን ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ስንት ፊልድ አየሽ?»

ዝም አለች። ፊልድ የምንለው በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየውን ክብ ቦታ ነው። በወፍራሙ ቅብ፣ እኛ ቲክ ፊልም በምንለው፣ ኔጌቲቭ ለማለት ቢያንስ 100 ፊልድ መታየት እንዳለበት ታውቃለች። ፈተና ላይም ጽፋዋለች።

«በይ ከአንድ እንጀምር። የምታዪውን ንገሪኝ፤ ስሙን ተይው።»

ይቺን «ስሙን ተይው» የምትለዋን ነገር አጥብቄ ይዣታለሁ። ተማሪ ስም ለመስጠት ሲቸኩል የጂምሳ (የማቅለሚያው) ዝቃጩም፣ ፕላትሌቱም (ደም የሚያረጋው ቅንጣትም) ወባ ይሆንበታል። ወይም እንደ እሷ፣ ምንም የለም ብሎ ይነሳል። ቀለሙንና ቅርጹን በአፉ እንዲናገር ስትጠይቁት ግን የግዱን ያያል።

«ወይን ጠጅ ነገር አለ።»

«ቀይ ነጥብ አለው?»

«የለውም።»

«እለፊው።»

መሀል ላይ ወጣ ብዬ ደጅ የሚጠብቁትን ሽማግሌ «አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ በደንብ እያየነው ነው» አልኳቸው። «እዩልኝ ልጄ፣ እዩልኝ» አሉኝ። ተማሪ ስታስተምሩ ለበሽተኛው ለምን እንደዘገየ መንገር የግድ ነው። የሚጠብቀው በትኩሳት ሆኖ ነው።

63ኛው ፊልድ ላይ እጇ ቆመ። «ቀጭን ሰማያዊ... ቀለበት ነገር። ጫፉ ላይ ቀይ ነጥብ አለው» አለች፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ። የወባ ተህዋስ መልኩ ይኸው ነው። ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ግን አሁንም ከወንበሬ አልተነሳሁም። ወደ ቀጭኑ ቅብ ሄዳ የወባውን ዝርያ እንድትለይ ነገርኳት፤ የፋልሲፓረምና የቫይቫክስ ሕክምና አንድ አይደለምና። የራሷን ውጤት ጻፈች። ወደ ማይክሮስኮፑ የቀረብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ውጤት ከመውጣቱ በፊት ማረጋገጥ የእኔ ኃላፊነት ነው፤ እሱን ለማንም ተማሪ አልተውም።

አንድ ስላይድ ከግማሽ ሰዓት በላይ ወሰደብን። ሥራ ሲበዛ ይሄ እንደማይቻል አውቃለሁ። ስምንት ተማሪ በአንድ ማይክሮስኮፕ ዙሪያ ቆሞ ሲውል ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። የሚላክልኝ የግምገማ ቅጽም ስንት ናሙና እንደሠሩ እንጂ እንዴት እንዳዩ አይጠይቅም። ስለዚህ አሁን ከሰዓት በኋላ፣ ወረፋው ሲቀል፣ ሁለት ሁለት እያደረግሁ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱ ያያል፣ የሚያየውንም ይናገራል፤ ሌላው ወረቀት ላይ ፊልድ ይቆጥራል። 50 ላይ ቦታ ይለዋወጣሉ።