«መጽሐፍ ጠቁሙኝ» ለሚል አንባቢ ምን እንመልስ?

አንድ አንባቢ «ጥሩ መጽሐፍ ጠቁሙኝ» ሲል ብዙ ጊዜ የሚወርድበት የርዕስ ናዳ ነው። አንዱ ሦስት፣ ሌላው አምስት ርዕስ ይደረድርለታል፤ «አንብበው፣ ትወደዋለህ» ይሉታል። ጠያቂው ሃያ ርዕስ ይዞ ይሄድና አንዱንም ሳይጀምር ይቀራል። መጻሕፍቱ መጥፎ ሆነው አይደለም። እሱ የጠየቀው «እኔ አሁን ምን ላንብብ?» ብሎ ነበር፤ የተመለሰለት ግን መላሾቹ የሚወዱት ነው።

መጽሐፍ መጠቆም ማገናኘት ነው። አገናኝ ሁለቱንም ወገን ማወቅ አለበት፤ መጽሐፉን ብቻ የሚያውቅ ሰው የሥራውን ግማሽ ነው የያዘው።

ስለዚህ ርዕስ ከመጥራታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በቅርቡ ካነበበው ሲያልቅበት የከፋው መጽሐፍ የትኛው ነው? ጀምሮ የተወው የትኛው ነው፣ ስንተኛው ገጽ ላይስ ተወው? የሚያነበው መቼ፣ ለስንት ደቂቃ ነው? ከሦስቱ ብዙ የሚናገረው ሁለተኛው ነው። ሰው የወደደውን ጥቀስ ሲባል ዝነኛውንና የሚከበረውን መጥራት ይቀናዋል። የተወውን ሲናገር ግን የሚያስደስተው ሰው ስለሌለ እውነቱን ያወጣል።

የተወበት ገጽ ራሱ ፍንጭ ነው። ገጽ 30 ወይም 40 ላይ የቆመ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ በሩ አልተከፈተለትም፦ ገጸ ባሕርያቱ በአንድ ጊዜ ተግተልትለው ገብተውበታል፣ ቋንቋው ከብዶታል፣ ወይም ታሪኩ እስኪጀመር ድረስ የመቼቱ ገለጻ አድክሞታል። እንዲህ ላለው በአንድ ተራኪ አንደበት የሚሄድ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንድ ሰው ችግር ውስጥ የገባበት መጽሐፍ ፈልጉለት። ገጽ 200 ላይ የቆመው ግን ትዕግሥት አላነሰውም። መሀሉ ተንዛዝቶበታል፣ የሚከተለው ገጸ ባሕርይ ከታሪኩ ወጥቶበታል፣ ወይም መጨረሻውን ቀድሞ ገምቶታል። ለእሱ ከ200 ገጽ የማይበልጥ ልብ ወለድ ወይም የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ይሻለዋል።

የማንበቢያ ሰዓቱም እንደ ዋዛ መታለፍ የለበትም። በመጓጓዣ ላይ 15 ደቂቃ እየቆራረጠ የሚያነብ ሰው ምዕራፉ 40 ገጽ የሆነ መጽሐፍ ቢይዝ ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቋረጥበታል። ሲመለስ «ይሄ ሰውዬ ማን ነበር?» እያለ ወደ ኋላ ሁለት ሦስት ገጽ ይገልጣል፤ ከ15 ደቂቃው አራት አምስቱ በማስታወስ ያልቃል። ለእሱ ከመጽሐፉ ውፍረት ይልቅ የምዕራፉ ርዝመት ወሳኝ ነው። ከ6 እስከ 10 ገጽ የሚሄዱ ምዕራፎች ያሉት 500 ገጽ መጽሐፍ፣ ምዕራፍ ከሌለው 180 ገጽ መጽሐፍ ይልቅ ይቀለዋል።

«ጊዜ የለኝም» ለሚል ደግሞ ስሌት አሳዩት። በቤልጂየማዊው ተመራማሪ ማርክ ብሪስባርት እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ፣ እንግሊዝኛን ድምፅ ሳያሰማ የሚያነብ አዋቂ በአማካይ በደቂቃ 238 የኢልቦለድ፣ 260 የልብ ወለድ ቃላት እንደሚያነብ ያሳያል። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ መውሰድ ግን ያሳስታል። «አልነገረችኝም» ስንል ድርጊቱን፣ አድራጊዋን፣ ተቀባዩንና አሉታውን በአንድ ቃል ጠቅልለናል፤ ስለዚህ የአማርኛ አንባቢ በደቂቃ የሚያልፈው የቃል ብዛት ማነሱ የፍጥነት ማነስ አይደለም። የሚሻለው በገጽ መለካት ነው። ሰዓት ይዛችሁ 10 ደቂቃ አንብቡ፣ የደረሳችሁበትን ገጽ ቁጠሩ። ይህን በሦስት የተለያዩ ቀናት አድርጉና መካከለኛውን ውጤት ያዙ። 7 ገጽ ከሆነ በሰዓት 42 ገጽ ነው። በቀን 25 ደቂቃ የሚያነብ ሰው 17 ወይም 18 ገጽ ይሄዳል፤ 400 ገጽ መጽሐፍ በ23 ቀን ገደማ ያልቃል። «ወፍራም ነው» የሚለው ፍርሃት «ሦስት ሳምንት ይፈጃል» ወደሚል ሲለወጥ ብዙ ሰው መጽሐፉን ያነሣዋል። ልኬቱ ግን በዚያው ዓይነት መጽሐፍ ይሁን፤ በልብ ወለድ የተለካ ፍጥነት ለፍልስፍና መጽሐፍ አይሠራም።

አሁን ወደ ጠቋሚው እንምጣ። «በጣም ደስ ይላል» የሚል ባዶ ጥቆማ የሚመጣው ከስንፍና አይደለም፣ ከመርሳት ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም አልባ የፊደል ጥምረቶችን በቃሉ እያጠና በራሱ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጣም ፈጣን ሆኖ ከዚያ እየቀዘቀዘ እንደሚሄድ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ልብ ወለድ ትርጉም አልባ የፊደል ጥምረት አይደለምና እንደዚያ አይተንም፤ ቢሆንም ከወር በኋላ የሚቀረን የመጨረሻው ስሜትና ሁለት ሦስት ትዕይንት ነው። መሀሉ፣ አንባቢ የሚሰናከልበት ያ ቦታ፣ ጠፍቷል።

መድኃኒቱ አንድ ወረቀት በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ዕልባት ማስቀመጥ ነው። አራት ነገር ብቻ ይጻፍበት፦ የያዛችሁ ገጽ፣ ማለትም «አሁንስ አልተወውም» ያላችሁበት፤ ልትተዉት ያሰባችሁበት ገጽ፤ ከነገጹ የተቀዳ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ታሪኩን ማን እንደሚተርክና ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይዘል እንደሆነ። ከ50 ገጽ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከግማሽ ላይ አንድ ጊዜ፣ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ጻፉ። የመጨረሻውን በጨረሳችሁበት ቀን፣ የሌሎችን ዳሰሳ ሳታነቡ ጻፉት። ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የምናገረው ለዚህ ነው፦ አንድ ጎበዝ ሃያሲ ያለውን ካነበባችሁ በኋላ የራሳችሁ የትኛው፣ የእሱ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችሉም። ጥቆማችሁም የተበደረ ይሆናል።

ከዚህች ወረቀት የሚወጣ ጥቆማ ምን እንደሚመስል ላሳይ። መጽሐፉ ለምሳሌ የተፈጠረ ነው።

«320 ገጽ፣ 41 አጫጭር ምዕራፎች። ተራኪዋ እናቷ ከሞተች በኋላ የቤቱን ዕቃ ልታካፍል የመጣች ሴት ናት፤ ወንድሟ ዕቃውን አላስነካም ይላል። ታሪኩ ከዚያ ቤት አይወጣም። ግድያና ሩጫ የለበትም፤ ጣዕሙ እህትና ወንድም በሚያወሩት ውስጥ የሚደባበቁትን መስማት ነው። ከገጽ 60 እስከ 95 ወደ ልጅነታቸው ይመለሳል፣ እዚያ ላይ ይጎተታል፤ ግን አትዝለሉት፣ በኋላ የሚፈነዳው ጠብ ሥሩ እዚያ ነው። ልብ አንጠልጣይ ለሚፈልግ አይሆንም። በቅርቡ ወላጁን ያጣ ሰው ካለም ለሌላ ጊዜ ያቆየው።»

አንድ አንቀጽ ብቻ ናት፣ ግን አንባቢው መወሰን ይችላል። «ድንቅ»፣ «ግሩም»፣ «ልዩ» የሚል ቃል አንድም የለባትም። ከሁሉም የምወደው የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነው። መጽሐፉ ለማን እንደማይሆን የሚናገር ጠቋሚ ለማን እንደሚሆን ሲናገር ይታመናል። ሐዘንን፣ የሕፃን ሞትን፣ መደፈርን፣ ራስን ማጥፋትን የሚነካ መጽሐፍ ሲሆን ደግሞ ይህን መናገር ግዴታ ነው፤ «አንድ ከባድ ትዕይንት አለ፣ ገጽ 140 አካባቢ» ብትሉ ታሪኩ አይፈርስም፣ ሰውየው ግን ሳይዘጋጅ አይመታም።

ስለ ታሪክ ማፍረስ፣ ማለትም የሚሆነውን አስቀድሞ ስለ መናገር፣ ካነሣን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ ያሳተሙት ጥናት ብዙ ይጠቀሳል። መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች በአማካይ ታሪኩን የበለጠ እንደወደዱት አገኙ። አንዳንዱ ይህን ይዞ «መጨረሻውን ብናገርስ ምን አለበት?» ይላል። የተሞከረው ግን በአጫጭር ታሪኮች ነው። አሥር ሰዓት የሚፈጅ ረጅም ልብ ወለድ የያዘ አንባቢ የሚከፍለው ጊዜ ሌላ ነው፤ ምርጫውም የእሱ ነው። የእኔ ወሰን ከመጽሐፉ መጀመሪያ አንድ አራተኛ አለማለፍ ነው፦ 320 ገጽ ከሆነ ከገጽ 80 ወዲያ የሚሆነውን አልናገርም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ስህተት ደግሞ አለ፤ «መጨረሻው ያስደነግጣችኋል» ማለት ራሱ ታሪክ ማፍረስ ነው። ይህን የሰማ አንባቢ ማንበቡን ትቶ ወጥመድ ፍለጋ ይገባል፤ የታመነ ገጸ ባሕርይ ባየ ቁጥር «ይሄ ይሆን ከሃዲው?» ይላል።

እትምን ሳይጠቅሱ መጠቆምም ሰውን ሌላ መጽሐፍ ያስይዛል። ይህ ማጋነን አይደለም። የእንግሊዛዊው ደራሲ የአንተኒ በርጀስ ልብ ወለድ «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» እ.ኤ.አ. በ1962 በብሪታንያ ሲወጣ 21 ምዕራፎች ነበሩት፤ የአሜሪካው እትም የመጨረሻውን ምዕራፍ ቆርጦ 20 አድርጎት እስከ 1986 ድረስ በዚያው ቆይቷል። የተቆረጠው ምዕራፍ የዋናውን ገጸ ባሕርይ መለወጥ የያዘው ስለሆነ፣ ሁለቱን እትሞች ያነበቡ ሁለት ሰዎች ስለ መጨረሻው ቢከራከሩ ሁለቱም ያነበቡትን ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ከርዕሱ ጋር አሳታሚውንና ዓመቱን ጻፉ፤ የተቆረጠና የተሳጠረ እትም ከሆነ በግልጽ ተናገሩ። ከቻላችሁ የመጽሐፉን መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን የሚባለውን፣ የቅጂ መብቱ ከሰፈረበት ከመብት ገጹ ላይ ቅዱ። እያንዳንዱ እትም የራሱ ቁጥር አለው፦ እስከ እ.ኤ.አ. 2006 መጨረሻ ድረስ 10 አኃዝ ነበር፣ ከ2007 ወዲህ በ978 ወይም በ979 የሚጀምር 13 አኃዝ ነው።

በትርጉም ሥራ ላይ ተርጓሚውን አለመጥቀስ ነውር ነው እላለሁ። ዓረፍተ ነገሩን የምታነቡት የእሱን ነው። ከመጀመሪያው ቋንቋ መተርጎሙን ወይም በሌላ ትርጉም በኩል መምጣቱንም ከመብት ገጹ ወይም ከተርጓሚው ማስታወሻ ተመልከቱ፤ ትርጉም በትርጉም ሲያልፍ ቀልድና ምሳሌያዊ አነጋገር ቀድመው ይሞታሉ። አንድ አንባቢ «ደራሲው ደረቅ ነው» ብሎ ሲተው ደረቁ ትርጉሙ ሊሆን ይችላል። አማራጭ ትርጉም ካለ አንድ ገጽ ንግግር ያለበት ቦታ ከሁለቱም አውጥቶ ማስተያየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የቆዩ ድንቅ ሥራዎች ላይ ደግሞ የምሁር መግቢያ ተጨምሮ ይታተማል፤ መግቢያው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን ላነበበ ሰው የተጻፈ ስለሆነ መጨረሻውን ሳይሳቀቅ ይናገራል። «መግቢያውን በመጨረሻ አንብብ» የምትል አንዲት ሐረግ ጨምሩለት።

ኮከብ ወይም «ከ5 ስንት» መስጠት ብዙም አይረዳም። የአንዱ 4 የሌላው 5 ነው፤ ደግሞም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቁጥር ያጭቃል፦ መጽሐፉ በደንብ ተጽፏል ወይ፣ ለእኔስ ሆነኝ ወይ። ያልወደዳችሁትን ስትናገሩ ይህን መለየት የበለጠ ያስፈልጋል። «ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፣ ስማቸው ቢሸፈን ማን ማን እንደሆነ አይለይም» ማለት ስለ መጽሐፉ ነው፣ ሌላው አንባቢ ገልጦ ሊያረጋግጠው ይችላል። «የጦርነት ታሪክ ይሰለቸኛል» ማለት ስለ እናንተ ነው። ሁለቱም ይነገሩ፣ ግን በየስማቸው። ሳትጨርሱ የተዋችሁትንም «ገጽ 110 ላይ ተውኩት» ብላችሁ ብትናገሩ ነውር የለውም፤ የጨረሳችሁ አስመስሎ መፍረድ ግን ደራሲውንም አንባቢውንም መበደል ነው።

ብዛቱን በተመለከተ ሁለት መጽሐፍ ይበቃል፤ ቢበዛ ሦስት፣ የትኛው እንደሚቀድም ተነግሮ። ተከታታይ ክፍሎች ያሉት ሥራ ከሆነ በታሪኩ የዘመን ቅደም ተከተል ሳይሆን በታተመበት ቅደም ተከተል ጠቁሙ፤ ደራሲው በኋላ የጻፈው ቀዳሚ ታሪክ፣ አንባቢው የፊተኞቹን ክፍሎች ያውቃል ብሎ የተጻፈ ነው። የራሳችሁን ቅጂ ስታውሱ ደግሞ በኅዳጉ ማስታወሻ የሞላውን አታውሱ። የተሰመረበት ዓረፍተ ነገር የአንባቢውን ዐይን ይጎትታል፤ እሱ ሊያስተውለው የነበረውን ሌላ መስመር ያሳልፈዋል። አስምራችሁበት ከሆነ እሱ ከጨረሰ በኋላ አሳዩት፤ ያን ጊዜ የተለያየ ቦታ ላይ መቆማችሁ ራሱ ጥሩ ጨዋታ ነው።

ጥቆማችሁ ሳይሆን ሲቀርም አትከፉ፣ ለመጽሐፉም ጥብቅና አትቁሙ። «መጨረሻው እኮ ይክሳል፣ ታገሥ» ከማለት ይልቅ የት ገጽ ላይ እንደቆመና እዚያ ምን ይሆን እንደነበር ጠይቁት። ገጽ 70 ላይ፣ ተራኪው ሲለወጥ ካቆመ፣ ቀጣዩ መጽሐፍ ተራኪው የማይለወጥበት ይሁን። ይህንንም በዚያችው ወረቀት ላይ፣ ከስሙ ጋር ጻፉት።